የሁሉም ደኅንነት፣ የጥቂቶች ሸክም፦ ወረርሽኝን የመከላከል ሥነ ምግባር ሲዳሰስ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2014 ማለዳ በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ፣ ዌስት ፖይንት የሚባለው የድሆች ሰፈር ነዋሪዎች ሲነሡ ሰፈራቸው በወታደርና በፖሊስ ተከቦ፣ መውጫው በእሾሃማ ሽቦ ታጥሮ ጠበቃቸው። ኢቦላ ገብቷል ተብሎ ቢያንስ 50 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ካለበት እንዳይነቃነቅ ተወስኗል። ነጋዴዋ ገበያ፣ የቀን ሠራተኛውም ሥራ መሄድ አልቻሉም። የምግብ ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ናረ። ጥሰው ለመውጣት የሞከሩ ሰዎች ከወታደሮች ጋር ተጋጩ፤ በተኩስ የቆሰለ አንድ ታዳጊም ሕይወቱ አለፈ። ከዐሥር ቀን በኋላ አጥሩ ተነሣ።

መንግሥት የተነሣው በክፉ ዓላማ አልነበረም። ያ ወረርሽኝ እስኪገታ ድረስ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28 ሺህ 600 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11 ሺህ 300 በላይ ገድሏል። እንዲህ ያለ ሞት ደጃፍ ላይ ሲቆም መሪ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሆኖም ዌስት ፖይንት በየወረርሽኙ የሚመላለሰውን ጥያቄ ፊት ለፊት አቆመው፦ የብዙኃኑ ደኅንነት ሲጠበቅ መከራውን የሚሸከመው ማን ነው? ለተሸከመውስ ምን ይደረግለታል?

ወረርሽኝና ሥነ ምግባር ሲነሡ ክርክሩ ብዙ ጊዜ “የግለሰብ መብት ይቅደም ወይስ የሕዝብ ጤና?” በሚል ይታሰራል። እኔ ግን ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ታሪክ የምረዳው፣ ብዙ ሰው ለጋራ ጥቅም ሲባል የሚጠየቀውን ለመክፈል ዝግጁ መሆኑን ነው። ቁጣ የሚነሣው ሸክሙ ለጥቂቶች ብቻ ሲሰጥና ለተሸከሙት ምንም ሳይመለስላቸው ሲቀር ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው የአገራችን ብሂል የወረርሽኝ ሥነ ምግባር ሁሉ መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በየመልኩ ይመለከታል። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጃፉ የተዘጋበት ሰው

መንግሥት ሰውን ከመንቀሳቀስ የሚያግደው መቼና እንዴት ነው? በ1984 የወጣው የሲራኩዛ መርሆዎች የሚባለው ሰነድ መመዘኛዎቹን አስቀምጧል። እገዳው በሕግ የተደነገገ፣ በእርግጥ አስፈላጊ፣ ከአማራጮቹ ሁሉ የቀለለ፣ አድልዎ የሌለበትና ጊዜው የተወሰነ መሆን አለበት። የ2003ቱ የሳርስ ወረርሽኝ የቶሮንቶ ከተማን ካንገላታ በኋላ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የሥነ ምግባር ሊቃውንት በ2005 ባወጡት ሰነድ ሌላ መመዘኛ ጨመሩ፦ ውለታ መመለስ። ለሌላው ሲል ለታገደ፣ ሥራውን ላጣ ወይም ራሱን ለአደጋ ላጋለጠ ሰው ኅብረተሰቡ ዕዳ አለበት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ በኋላ፣ በ2016 ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ፣ ይህንኑ ሐሳብ ተቀብሏል።

በወረቀት ላይ የሰፈረው ሐሳብ በተግባር ምን ያህል እንደሚከብድ ሀብታም አገሮችም አሳይተዋል። ጁላይ 4 ቀን 2020 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ዘጠኝ የመንግሥት የኪራይ ሕንጻዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ። ወደ 3,000 ነዋሪ በየቤቱ ተከረቸመበት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሌሎች አገሮች የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። ውሳኔው ሲነገር ፖሊሶች ሕንጻዎቹን መክበብ ጀምረው ነበር። ምግብና መድኃኒት ዘግይቶ ደረሰ። የቀረው የከተማው ሕዝብ ለመሸማመት ጊዜ አግኝቶ ሳለ እነዚህ ሰዎች አንድ ከረጢት ዱቄት ለመግዛት እንኳ ፋታ አልተሰጣቸውም። የቪክቶሪያ ግዛት እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባወጡት ሪፖርት፣ ሕንጻዎቹን ለጊዜው መዝጋት ተገቢ ሊሆን ቢችልም በዚያች ቅጽበት፣ ያለ ዝግጅት መደረጉ የግዛቱን የሰብአዊ መብት ሕግ የጣሰ ነው ሲሉ ደመደሙ። ትእዛዙን የፈረሙት የጤና ኃላፊ ጉዳዩን ለማጤን ያገኙት ጊዜ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ እንደነበርም ሪፖርቱ ገልጿል።

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እገዳውን ተከትለው የመጡ ሌሎች ድንጋጌዎችም ነበሩ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የከለከለው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከልክሏል። በየሰፈሩ “ማዕድ ማጋራት” የሚል ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። አፈጻጸሙ ምንም ያህል ቢጎድለው መሠረተ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ከሰው የምትወስድ ከሆነ የምትሰጠውንም አብረህ ጻፍ። ጉድለቱ የታየው የሥራ ውል በሌለው ሰው ላይ ነው። የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት፣ ጫማ የሚያሳምር ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ ከሥራ እንዳይባረሩ የሚከላከል አንቀጽ አይጠቅማቸውም፤ የሚያሰናብታቸው አሠሪ የላቸውምና። ቤት ውስጥ ተቀመጥ የሚባለው ሰው ጓዳው ባዶ ከሆነ ትእዛዙ ከበሽታና ከረኀብ አንዱን ምረጥ ማለት ይሆንበታል።

ሬሳ፣ ቀብርና ለቅሶ

በኢቦላ የሞተ ሰው አስከሬን ከሕያው በሽተኛ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ሬሳን ማጠብ፣ መንካት፣ በክብር መሸኘት የእምነትና የቤተሰብ ግዴታ ነው። በ2014 አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት በጊኒ ከተያዙት ሰዎች 60 በመቶ የሚሆኑት ከቀብር ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው ሲል ገለጸ። የሕክምና ቡድኖች መልስ መጀመሪያ ላይ የቴክኒክ ብቻ ነበር፤ ነጭ የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው ሬሳውን በከረጢት ይወስዳሉ፣ ቤተሰብ የት እንደተቀበረ አያውቅም። በሞንሮቪያ ደግሞ ሬሳ እንዲቃጠል ታዘዘ። ይህ ለአብዛኛው ላይቤሪያዊ ከሞት የከፋ ውርደት ነበርና ሰዎች በሽተኞቻቸውን መደበቅ፣ ሙታናቸውንም በሌሊት መቅበር ጀመሩ። ክልከላው ሊያቆመው የመጣውን ነገር አባባሰው።

በኖቬምበር 2014 የወጣው አዲስ የቀብር መመሪያ የተዘጋጀው ከቀይ መስቀልና ከቀይ ጨረቃ፣ ከክርስቲያንና ከሙስሊም የእምነት ተቋማት ጋር በመመካከር ነው። ቤተሰብ በርቀት ቆሞ እንዲጸልይ፣ ለሟቹ መገነዣ እንዲመርጥ፣ የሃይማኖት አባት እንዲገኝ፣ መቃብሩም ስም እንዲኖረው ፈቀደ። ሳይንሱ አልተለወጠም፤ ሬሳውን የሚነኩት አሁንም ሠልጣኞች ብቻ ናቸው። የተለወጠው ለሐዘንተኛው የተሰጠው ቦታ ነው። ሰዎችም ሙታናቸውን ማስረከብ ጀመሩ።

ዕድር ያለበት ማኅበረሰብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከመቶ ዓመት በፊት በ1911 ዓ.ም. “የኅዳር በሽታ” የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 10,000 ሰዎች እንደገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር የሚለው ትውስታ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። በእኛ ዘንድ ሳይቀበሩ መቅረት ከበሽታው ጋር እኩል የሚታወስ መከራ ነው። በኮሮና ጊዜ የለቅሶ ቤት መሰባሰብ ሲገደብ የተጎዳው ልማድ ብቻ አይደለም፤ ድሃው በወር በወር እየከፈለ ያቆየው ብቸኛ ዋስትናም ጭምር ነው። ጤና ቢሮ ከዕድር ዳኞችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር በሰላሙ ጊዜ ቁጭ ብሎ “ቀብር በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት ይሁን?” ብሎ መምከር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በአልጋው ራስ የቆመችው ነርስ

የጤና ባለሙያ ሙያው ለአደጋ እንደሚያጋልጠው አውቆ ቃለ መሐላ ገብቷል። ግን እስከ ምን ድረስ? በምዕራብ አፍሪካ የጤና ሠራተኞች በኢቦላ የመያዝ ዕድላቸው እንደ ሥራ ዘርፋቸው ከሌላው አዋቂ ሕዝብ ከ21 እስከ 32 እጥፍ ይበልጥ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 አስታውቋል። ከ800 በላይ ተይዘው ከ500 በላይ ሞተዋል። ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ መካከል 8 በመቶ ያህሉን አጣች። ብዙዎቹ ሲያዙ በቂ ጓንት እንኳ አልነበራቸውም።

ግዴታው ሁለት ወገን ያለው ነው። ነርሷ በአልጋው ራስ እንድትቆም ከተጠየቀች፣ ጤና ተቋሙ የመከላከያ ልብሷን፣ ሥልጠናዋን፣ አበሏንና ከታመመች ሕክምናዋን፣ ከሞተችም የልጆቿን ነገር አስቀድሞ ማሰናዳት አለበት። በኖቬምበር 2014 በሴራሊዮን ኬኔማ ከተማ የቀብር ሠራተኞች የአደጋ አበል አልተከፈለንም ብለው አስከሬኖችን ሆስፒታሉ ደጅ ጥለው አድማ መቱ። አድራጎቱ ሬሳንም ቤተሰብንም የሚያዋርድ በመሆኑ ሠራተኞቹ ከሥራ ተባረሩ። ነገር ግን በአገሪቱ እጅግ አደገኛውንና የተናቀውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ለሳምንታት ያለ አበላቸው መቆየታቸው ራሱ ከዚያ የማያንስ በደል ነበር። በእኛም አገር ቤት ለቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የአምቡላንሱ ሾፌርና የጽዳት ሠራተኛዋ ከሐኪሙ ባላነሰ ይጋለጣሉ፤ ጭብጨባውና ካሣው ግን እነርሱ ጋ ሲደርስ ይሳሳል።

ማን ይቅደም?

መተንፈሻ መሣሪያው አንድ፣ በሽተኛው ሦስት ሲሆን ምርጫው አስጨናቂ ነው። በማርች 2020 የጣሊያን የማደንዘዣና የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር፣ የዕድሜ ገደብ ማበጀት ሊያስፈልግ ይችላል የሚል ምክር ሲያወጣ ብዙዎች ተቆጡ። ማኅበሩ ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ውሳኔውን በሌሊት ተራ ብቻውን በሚሠራው ሐኪም ሕሊና ላይ ጥሎ ከመሄድ ይልቅ መስፈርቱን በአደባባይ አውጥቶ አስተችቷል። ግልጽ መስፈርት ሁሉንም አያስደስትም፤ ቢያንስ ግን ማን በዘመድ፣ ማን በገንዘብ እንደቀደመ ለመጠርጠር ቀዳዳ ያጠብባል።

በአገሮች መካከል ያለው ወረፋ ግን መስፈርት አልባ ነው። ኮቫክስ የተባለው የክትባት ማከፋፈያ ሥርዓት በ2021 መጨረሻ 2 ቢሊዮን ክትባት ለማድረስ አቅዶ ከግማሹም በታች አደረሰ። ሀብታሞቹ አገሮች ቀድመው ገዝተው ነበር፤ ብዙውን የሚያመርተው የሕንድ ፋብሪካም በማርች 2021 የአገሩ ፍላጎት ሲያይል ወደ ውጭ መላክ አቆመ። በዚያ ዓመት መጨረሻ ክትባቱን የጨረሰው አፍሪካዊ ከ10 በመቶ በታች ነበር። በኤምፖክስም ይኸው ተደገመ። በ2022 በሽታው አውሮፓና አሜሪካ ሲደርስ ክትባቱ በወራት ውስጥ ታደለ፤ በሽታውን ለአሥርተ ዓመታት የምታውቀው ዲሞክራቲክ ኮንጎ ግን የመጀመሪያውን ጭነት የተቀበለችው በሴፕቴምበር 2024 ነው።

ሙከራ፣ ፈቃድና የደም ዕዳ

በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በርትቶ ሳለ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የሚባል አንቲባዮቲክ በ200 ሕፃናት ገደማ ላይ የንጽጽር ሙከራ አካሄደ። አሥራ አንዱ ሞቱ። ቤተሰቦች፣ ልጆቻችን ሙከራ ላይ መሆናቸው አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ለሞቱ መንስኤው በሽታው ራሱ ነው፣ ፈቃድም ጠይቀናል ብሎ ተከራከረ። በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የተበላሸው እምነት ግን በገንዘብ አልታደሰም። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን ስታግድ የትሮቫን ትዝታ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ ፖሊዮም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

ከዚህ ተነሥቶ “በወረርሽኝ ጊዜ ምርምር አይደረግ” የሚል ሰው ይሳሳታል። በጁላይ 2014 የሴራሊዮን ዕውቅ የኢቦላ ሐኪም ዶክተር ሼክ ኡመር ካህን በበሽታው ሲያዙ ዚማፕ የተባለ በሰው ላይ ያልተሞከረ መድኃኒት በተኙበት የካይላሁን ማከሚያ ነበር። ሐኪሞቻቸው ተወያይተው ላለመስጠት ወሰኑ፤ እንደተዘገበው ለራሳቸው አልተነገራቸውም። ጁላይ 29 አረፉ። ያው መድኃኒት ላይቤሪያ ውስጥ ለታመሙ ሁለት አሜሪካውያን ተሰጠና ሁለቱም ዳኑ። የሐኪሞቹን ጭንቀት እረዳለሁ፤ መድኃኒቱ ቢገድላቸው ኖሮ “በአፍሪካዊ ላይ ሞከሩ” ይባል ነበር። ያልተረዳሁት ግን ኢቦላን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው በራሳቸው ሕይወት ላይ ያለመጠየቃቸውን ነው። ካኖ ላይ ወላጅ፣ ካይላሁን ላይ ደግሞ በሽተኛው ራሱ ከውሳኔው ውጭ ቀሩ።

በኋላ የመጡት ሙከራዎች መንገዱ እንዳለ አሳይተዋል። በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላ ክትባት ሲፈተሽ፣ በየታማሚው ዙሪያ ያሉት ሰዎች እንደ አንድ ቡድን ተቆጥረው፣ ቡድኖቹ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያውኑ፣ ግማሾቹ ከ21 ቀን በኋላ እንዲከተቡ ተደረገ፤ ማንም ባዶ መርፌ አልተወጋም። ከ2018 ጀምሮ በኮንጎ ፕሮፌሰር ዣን ዣክ ሙዬምቤ የመሩት ሙከራ አራት መድኃኒቶችን አወዳድሮ፣ ሁለቱ ከዚማፕ የተሻሉ መሆናቸው ሲታይ በኦገስት 2019 ቆመና ሁሉም በሽተኛ የተሻሉትን እንዲያገኝ ተወሰነ። እዚህ ላይ ግን አንድ ዕዳ አለ። ከሁለቱ አሸናፊዎች አንዱ የተገኘው በ1995 በኪክዊት ከተማ ከኢቦላ ከተረፈ ኮንጎአዊ ደም ነው። ኮንጎ ደሙንም፣ ሕሙማኑንም፣ ሊቁንም ሰጥታለች፤ መድኃኒቱ የተፈቀደውና የተከማቸው ግን በዋናነት አሜሪካ ውስጥ ነው። ከኢቦላው ክትባትም እርጉዝ ሴቶች በኮንጎ እስከ 2019 ተገልለው ነበር። ለጥንቃቄ ተብሎ የተደረገው ማግለል ኢቦላ አጥብቆ የሚገድላቸውን ሴቶች ያለ መከላከያ አስቀራቸው።

እውነት የተናገረ ሲቀጣ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እንላለን። መንግሥታት የሚደብቁበት ምክንያት ግን አለ። በኢትዮጵያ ለዓመታት በአደባባይ የሚነገረው “አተት” ወይም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነበር፤ ኮሌራ ብሎ መጥራት ቱሪስትንና የውጭ ንግድን ያርቃል የሚል ስጋት ነበር። ገበሬው ግን ውኃውን ማፍላት እንዳለበት በጊዜ ማወቅ መብቱ ነው። በ2019 ኮሌራ በስሙ መጠራቱ፣ በኖቬምበር 2025ም ጂንካ ውስጥ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ወዲያውኑ ይፋ መደረጉ ሊመሰገን የሚገባ ለውጥ ነው።

ዓለም ግን እውነትን የሚሸልም አይደለም። በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ ለይተው ለዓለም ሲያሳውቁ ያገኙት ምላሽ የበረራ እገዳ ነው። ከዚያ ቀደም በ2007 ኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን ናሙናዋን ከልክላ ነበር፤ በናሙናዋ የሚሠራውን ክትባት መግዛት አትችልምና። ያ ክርክር በ2011 የናሙናና የጥቅም መጋራት ማዕቀፍ አስገኘ። በሜይ 2025 በጸደቀው ዓለም አቀፍ የወረርሽኝ ስምምነትም፣ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከምርታቸው 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ፣ ግማሹም በነጻ እንዲሆን የሚያልም አንቀጽ ገብቷል። ዝርዝሩ ግን ለተጨማሪ ድርድር ተላልፏል። ጥርሱ የሚታወቀው በዚያ ዝርዝር ነው።

የሚጠረጠር ባዕድ፣ የሚበድል ረጂ

ወረርሽኝ ሲመጣ ባዕድ ይጠረጠራል። በኤፕሪል 2020 ሳዑዲ ዓረቢያ በወረርሽኙ መካከል ወደ 3,000 ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ቀናት መለሰች፤ በጁን ደግሞ ቤሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው ያሰናበቷቸው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በቆንስላው ደጃፍ ላይ ተጥለው ታዩ። በበሽታ ስም የሚደረግ ማባረር በሽታውን አያጠፋም፤ ያዛውረዋል፣ ሸክሙንም መጀመሪያውኑ ምንም በሌላቸው ላይ ይጭናል።

እምነትን የሚያጎድለው ማባረር ብቻ አይደለም፤ መረጃም በአደራ የሚሰጥ ነው። ሲንጋፖር ለንክኪ ልየታ ብቻ ነው ብላ ያስተዋወቀችውን የስልክ መተግበሪያ ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ ሊጠቀምበት እንደሚችል በጃንዋሪ 2021 ሲታወቅ ሕዝቡ ቅር ተሰኘ፤ መንግሥት በሕግ ሊገድበው ግድ ሆነ። ዛሬ የተሰበረ ቃል ነገ ስሙን የሚሰጥ ሰው ያሳጣል።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ረጂው ራሱ ሲበድል ነው። ከ2018 እስከ 2020 በምሥራቅ ኮንጎ የኢቦላ ዘመቻ ላይ የተሠማሩ ሰዎች ሴቶችን ሥራ እንሰጣችኋለን እያሉ የወሲብ ብዝበዛና ጥቃት እንደፈጸሙባቸው በሴፕቴምበር 2021 የወጣ ገለልተኛ ሪፖርት ገለጸ። ከ83 ተጠርጣሪዎች 21ዱ የዓለም ጤና ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዘመቻ ሕይወቱን የሰጠ ሐኪም አለ፤ ብዙ ታማኞች አሉ። ግን የሕይወት አድን ሥራ ለማንም የበደል ፈቃድ አይሆንም፤ የቅሬታ ሰሚው ስልክና መርማሪው ከመርፌውና ከድንኳኑ ጋር አብረው መድረስ አለባቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከዌስት ፖይንት እስከ ሜልቦርን፣ ከካኖ እስከ ኪክዊት ያየነው አንድ ነገር ነው። ሸክሙ የወደቀው በድሃ ሰፈር፣ በስደተኛ ሕንጻ፣ በነርስ፣ በሕፃን፣ በተራፊ ደም ላይ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለሁሉም፣ አንዳንዴም በመጀመሪያ ለሌላው ደረሰ። ሰዎች የሸሹት፣ የደበቁት፣ ያመፁት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 2014 ጊኒ ውስጥ ወሜ በተባለች መንደር ስለ ኢቦላ ሊያስተምሩ የሄዱ ስምንት ሰዎች በመንደርተኞች ተገድለዋል። ይህ ግፍ ነው፤ ምንም ይቅርታ የለውም። ግን መንግሥትን ከዚያ በፊት በግብርና በዱላ ብቻ የሚያውቅ መንደር በወረርሽኝ ጊዜ በአንድ ቀን እምነት አይፈልቅለትም።

ስለዚህ እምነት በሽታው ከመምጣቱ በፊት የሚከፈል ዋጋ ነው። የለይቶ ማቆያ ሕግ የሚጽፍ ሰው በዚያው አንቀጽ የታገደውን ቤተሰብ ቀለብና ገቢ፣ በተለይ ደመወዝ የሌለውን፣ ይጻፍ። የሆስፒታል በጀት የሚያዘጋጅ ሰው የነርሷን ካሣና የቀባሪውን አበል ከመድኃኒቱ መስመር ጎን ያስፍር። ጤና ቢሮዎች ከዕድሮች ጋር የቀብሩን ሥርዓት ዛሬውኑ ይምከሩ። ተመራማሪ ወደ መንደር ሲገባ፣ መድኃኒቱ ቢሠራ መንደሩ መቼና በስንት እንደሚያገኘው የሚገልጽ ውል ይያዝ። ናሙና የሚልክ አገርም ምን እንደሚመለስለት ሳይጽፍ አይላክ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ሳይከፈል ሲቀር ግን ዕዳው አይጠፋም፤ በተደበቀ በሽተኛ፣ በሌሊት ቀብርና በተከለከለ ክትባት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ከፋዩ ሁላችንም ነን።